በየሁለት ሰዓቱ ያገላበጡትስ?

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። አበበ ቢቂላን፣ ስቲቨን ሆኪንግን፣ ሄለን ኬለርን፣ ቤትሆቨንን፣ የትነበርሽ ንጉሤንና በፓራሊምፒክ ሜዳሊያ ያመጡ ሯጮቻችንን ይዘረዝርና እነዚህ ሁሉ ከሕመማቸውና ከጉዳታቸው በላይ የሆኑት በቆራጥነት ብቻ ነው ይላል። ከዚያ ተነሥቶ ማንም ሰው ሰበብ የለውም፣ እውነተኛው ጉዳት የአእምሮ ነው ወደሚል መደምደሚያ ይሄዳል። ሲያበቃም ለቤተሰብ ይመክራል፦ አካል ጉዳተኛ ልጃችሁን አትደግፉት፣ ራሱ ይወጣው፤ መሣሪያ አታስለምዱት፣ ያሰንፈዋል፤ መስማት ለተሳነው ልጅ ደግሞ የምልክት ቋንቋ ሳይሆን ከንፈር ማንበብ አስተምሩት።

ጸሐፊው ይህን የጻፉት በክፋት ነው አንልም። ይሁንና ያነሷቸው ታሪኮች ሁሉ መኻላቸው ተቆርጦ ወጥቷል። ሰውየው ይወድቃል፣ ቀጥሎ መድረክ ላይ ይታያል። በመካከል ማን አነሣው፣ በምን መሣሪያ፣ በማን ገንዘብ፣ በስንት ወር የሚለው የለም። የተዛባ ታሪክ ውሎ አድሮ ይታረማል፤ የተዛባ ምክር ግን ዛሬ አልጋ ላይ ባለ ሰው ጀርባ ላይ ቁስል ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እንሂድበት። ስለ ሰዎቹ ስናወራ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጽሑፉ የሚጀምረው በአበበ ነው። በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ፣ እጅ አልሰጥም ብሎ ተነሣ፣ በሌላ ስፖርት አሸነፈ ይላል። ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2:15:16፣ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ በ2:12:11 የገባን ሰው ቆራጥነት የሚጠራጠር የለም። ግን የመጀመሪያው ስህተት እዚሁ ላይ ነው። በመጋቢት 1969 ሌሊት የሚነዳት ቮልስዋገን ተገልብጣ ሲጎዳ አበበ ያጣው እግሩን ብቻ አልነበረም፤ እጆቹም አይታዘዙትም ነበር። ቀናት ሳይቆጠሩ እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደና ስምንት ወር ያህል ታከመ። የእጆቹን ኃይል መልሶ ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። እግሮቹ አልተመለሱም፤ የቱንም ያህል ቆራጥ ቢሆን ደግሞ አይመለሱም ነበር፤ ምክንያቱም የተጎዳ ህብለ ሰረሰር የሚሰማው ፈቃድን አይደለም።

ለመሆኑ ስቶክ ማንደቪል ምን ነበረው? ሉድቪግ ጉትማን የተባለ ከናዚዎች ሸሽቶ እንግሊዝ የገባ አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም በ1944 የህብለ ሰረሰር ጉዳት ክፍል ከፍቶበት ነበር። ከእሱ በፊት እንዲህ የተጎዳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ከጉዳቱ ሳይሆን ከሁለት ተከታይ ነገሮች ነበር፦ ከአልጋ ቁስልና ከፊኛ ኢንፌክሽን። ጉትማን ያመጣው ተአምር አልነበረም። አድካሚ፣ አሰልቺ የነርስ ሥራ ነበር። በሽተኛው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል፤ ስምንት ሰዓት ሌሊት ቢሆንም፣ አሥር ሰዓት ቢሆንም። አንድ ዙር የዘለለ ተረኛ ለጉትማን መልስ መስጠት ነበረበት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጤነኛ ሰው ተኝቶ ሳለ ሳያውቀው ይገላበጣል፤ የሚያስገላብጠው የቆዳው ስሜት ነው። ስሜት የሌለው ቆዳ በአጥንትና በፍራሽ መካከል ሲጨፈለቅ ደም አያገኝም፤ ባለቤቱም አይሰማውም። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሥጋው ከውስጥ መሞት ይጀምራል፤ ላይ ላዩን የምትታየው ትንሽ ቀይ ነጥብ ብቻ ናት። ቤት ውስጥ የሚያስታምም ሰው በየቀኑ ጠዋትና ማታ ማየት ያለበት ጭራ አጥንቱን፣ ሁለቱን የመቀመጫ አጥንቶች፣ የዳሌውን ጎንና ጎን፣ ተረከዙንና ቁርጭምጭሚቱን ነው። የቀላ ቦታ ሲገኝ በጣት ጫን ብሎ መልቀቅ፤ ነጣ ብሎ ከተመለሰ ገና ነው፣ ሳይነጣ ቀይ ሆኖ ከቀረ ግን ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው። በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅላቱ አይታይም፤ ስለዚህ ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም ያበጠ መሆኑን በእጅ መዳሰስ ያሻል። መድኃኒቱ ቅባት አይደለም፣ ማሸትም አይደለም፤ ማሸት እንዲያውም ያባብሰዋል። መድኃኒቱ ቦታው እስኪድን ድረስ በዚያ በኩል ፈጽሞ አለመተኛትና አለመቀመጥ ነው።

ዊልቸር ላይ የሚውል ሰው ደግሞ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ክብደቱን ከመቀመጫው ማንሣት አለበት። ብዙዎች በእጃቸው ተደግፈው ለሦስትና ለአራት ሴኮንድ ከፍ ይሉና ተመልሰው ይቀመጣሉ፤ ይህ ለደም ዝውውር አይበቃም። ወደ ፊት ጉልበት ላይ ደረትን ማሳረፍ ወይም ወደ አንድ ጎን ዘንበል ማለት ይሻላል፤ አንድ ሁለት ደቂቃ መቆየትም ይቻላል፣ ትከሻንም አይጎዳም። መኻሉ ክፍት የሆነ የጎማ ቀለበት መቀመጫ ከገበያ ገዝተው የሚያመጡ ደግ ዘመዶች አሉ፤ ቀለበቱ ዙሪያውን ተጭኖ የመኻሉን ደም ስለሚዘጋ ይቅር።

ፊኛውም እንዲሁ ነው። ሽንቱ ራሱን ችሎ የማይወጣለት ሰው በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ በንጹሕ ካቴተር፣ ማለትም በቀጭን የሽንት ቱቦ፣ ማስወጣት አለበት፤ አንድ ጊዜ የሚወጣው መጠን ከግማሽ ሊትር ባይበልጥ ይመረጣል። የተለመደው ስህተት ካቴተሩን ለመቀነስ ሲባል ውሃ አለመጠጣት ነው። ሽንቱ ይወፍራል፣ ኢንፌክሽን ይመጣል፣ ቀስ በቀስ ኩላሊት ይሄዳል። ጉዳቱ ከደረት መካከለኛ ክፍል በላይ የሆነ ሰው በድንገት ራሱን ሲፈልጠው፣ ፊቱ ቀልቶ ሲያልበው፣ የደም ግፊቱም ሲያሻቅብ ብዙ ጊዜ ፊኛው ሞልቷል ወይም ካቴተሩ ተጣጥፏል። ያኔ ማስተኛት አይደለም፤ ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ጠባብ ልብሱን ማላላት፣ ካቴተሩን መፈተሽ፤ ካልበረደ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። ዝም ከተባለ አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ስፖርቱ የሚመጣው። ጉትማን ቀስት ውርወራን ያስገባው ለሜዳሊያ አልነበረም፤ ትከሻን፣ ጀርባንና ሚዛንን ስለሚያጠነክር ነው። በሐምሌ 1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት በሆስፒታሉ ግቢ 16 ጉዳተኞችን አወዳደረ፤ የዛሬው ፓራሊምፒክ ሥሩ እሱ ነው። አበበ በ1970 በዚያው ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ፤ በ1971 ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ 25 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ ጨርሶ አሸነፈ። ጽሑፉ እዚህ ላይ ያቆማል። በጥቅምት 1973 በአንጎል ደም መፍሰስ መሞቱን፣ ገና 41 ዓመቱ እንደነበር፣ ሞቱም ከአደጋው መዘዝ ጋር የተያያዘ መሆኑን አይነግረንም። ይህ ከአበበ ታላቅነት ቅንጣት አይቀንስም። እንደ አበበ የአገር ጀግና ያልሆነ፣ ወደ እንግሊዝ የሚልከው ንጉሠ ነገሥት የሌለው ሰው ግን በቁስል ሲሞት ቆራጥነት አንሶት ነው የምንል ከሆነ ነውር ነው።

ሁለተኛው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግ ነው። ሐኪሞች ሁለት ዓመት ሰጡት፣ አእምሮው በሽታውን አሸነፈው፣ 55 ዓመት ኖረ ይላል ጽሑፉ። ቁጥሩ ልክ ነው፤ በ1963 በ21 ዓመቱ በሽታው ተገኘበት፣ በ2018 በ76 ዓመቱ ሞተ። ምክንያቱ ግን ልክ አይደለም። ኤ.ኤል.ኤስ. ጡንቻን የሚያዙ ነርቮችን የሚገድል በሽታ ነው፤ አብዛኛውን ሰው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ይገድላል፣ ከአሥር አንድ ያህሉ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል። ሆኪንግ በጣም ቀርፋፋ የሆነው ዓይነት ነበረበት። በሽታውን በጭንቅላቱ አልዘገየም፤ ራሱ በሽታው ዘገምተኛ ነበር። በዚሁ በሽታ በሦስት ዓመት የሞተ አባት ላላቸው ልጆች አባታችሁ አእምሮው ደካማ ስለነበር ነው ማለት የሚችል ይኖራል?

ቀጥሎ ገንዘቡና ሰዉ። በ1985 ጄኔቫ ውስጥ በሳንባ ምች ሲወድቅ ሐኪሞች የመተንፈሻ መሣሪያው ይነቀል ወይ ብለው ባለቤቱን ጄንን ጠየቁ፤ እምቢ አለች። ጉሮሮው ተበስቶ ዳነ፣ ድምፁ ግን ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ቀንና ሌሊት ነርስ ያስፈልገው ነበር፤ ለዚህ የሚሆነውን ገንዘብ ጄን ከአሜሪካ የማካርተር ፋውንዴሽን ለምና አገኘች። ዎልተር ዎልቶዝ የተባለ አሜሪካዊ፣ በዚሁ በሽታ ለተያዘች አማቱ ሲል የሠራውን በአንድ ቁልፍ ብቻ ቃላት የሚመርጥ ፕሮግራም ላከለት፤ ከነርሶቹ የአንዷ ባል ኮምፒውተሩን ከወንበሩ ጋር አጋጠመው። በደቂቃ 15 ቃል ያህል ይናገርበት ነበር። ኋላ ጣቱ ሲደክም በመነጽሩ ላይ የተገጠመ ትንሽ ዳሳሽ የጉንጩን እንቅስቃሴ እየለቀመ ያስመርጠው ጀመር፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ፍጥነቱ በደቂቃ ወደ አንድ ቃል ወርዶ ስለነበር የኢንቴል መሐንዲሶች ቀጣዩን ቃል የሚገምት ፕሮግራም ሠሩለት።

ይህ ሁሉ ለእኛ አገር ቤተሰብ የሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሆኪንግ ከጉሮሮ ቀዶ ሕክምናው በኋላ ኮምፒውተሩ እስኪመጣ የተግባባው በካርቶን ነበር። ሰው ፊደል እየጠቆመ ይሄዳል፣ ትክክለኛው ላይ ሲደርስ ሆኪንግ ቅንድቡን ያነሣል። ለዚህ ሥራ ከእኛ የፊደል ገበታ የተሻለ ነገር ማግኘት ያስቸግራል፤ ፍርግርጉ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ገበታውን በደማቅ መስመር ከአምስት ወይም ከስድስት ቡድን ይከፍሉታል። መጀመሪያ ቡድኑን፣ ቀጥሎ ረድፉን (ለ፣ ሐ፣ መ እያሉ)፣ በመጨረሻ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ቤቱን ይጠራሉ። ሕመምተኛው ዓይኑን አንድ ጊዜ ይጨፍናል፣ ወይም ሽቅብ ያያል፤ አዎ ማለት ነው። ገበታው ጥግ ላይ «አመመኝ»፣ «አገላብጡኝ»፣ «ሽንት»፣ «ውሃ»፣ «ተሳስተሃል፣ እንደገና» የሚሉትን ጨምሩ። የመጨረሻው ከሌለ አንድ የተሳሳተ ፊደል ዐረፍተ ነገሩን በሙሉ ያበላሽና ሁለቱም ተናደው ይተዉታል። ጠቋሚው ደግሞ ቃሉን ቀድሞ አይጨርስ፤ ይህን አለመቻል ነው ብዙውን ጊዜ ነገሩን የሚያፈርሰው።

ሄለን ኬለር ላይ ብዙ አንቆይም። በ19 ወሯ በሕመም ዓይኗንና ጆሮዋን ያጣችው ሄለን በ1904 ከራድክሊፍ ኮሌጅ የተመረቀችው፣ የግል መምህርቷ አን ሰሊቫን አጠገቧ ተቀምጣ የኮሌጁ አስተማሪ የሚለውን ፊደል በፊደል በመዳፏ ላይ ስትነግራት ስለኖረች ነው። የትምህርት ወጪዋንም ሄንሪ ሮጀርስ የሚባል የነዳጅ ዘይት ከበርቴ ከፍሏል። አን ራሷ በልጅነቷ በትራኮማ ዓይኗ የተጎዳ፣ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ነበረች። ጸሐፊው ለማበረታቻ ታሪክ አሜሪካ ድረስ ሲሄዱ የአን በሽታ ዛሬም እዚሁ አማራና ኦሮሚያ ገጠር ውስጥ እንዳለ አላስተዋሉም። በዚህ በሽታ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ፀጉሩ በእያንዳንዱ ርግብግቢት ብሌኑን ይፍቃል። በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል፤ በሳምንታት ውስጥ መልሶ የሚበቅለው አጭር ፀጉር ግን እንደ ችንካር ጠንካራ ነው። የሚያድነው ቆቡን የሚመልስ አጭር ቀዶ ሕክምና ነው፤ በጤና ጣቢያ ደረጃ በሠለጠነ ባለሙያ ይሠራል። ብሌኑ ከተጠቃ በኋላ ቢሠራ ግን የጠፋውን ብርሃን አይመልስም።

የሙዚቃ ደራሲው ቤትሆቨን ላይ ያለው ስህተት ግን ሰፊ ነው፤ ምክሩም ከሱ ስለተቀዳ። ጽሑፉ ቤትሆቨን መስማት ተስኖት ዘጠነኛውን ሲምፎኒ ከጻፈ መስማት የተሳነው ልጅም ንግግርን ለምዶ እንደ ሰሚ መኖር ይችላል ይላል። ቤትሆቨን ጆሮው መድከም የጀመረው ወደ 28 ዓመቱ ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ቋንቋም ሙዚቃም ጭንቅላቱ ውስጥ ሞልቶ አድሯል፤ በ1824 የቀረበውን ዘጠነኛውን ሲምፎኒ የጻፈው በውስጥ ጆሮው እየሰማ ነው። ከሰዎች ጋር የሚያወራው ደግሞ ከ1818 ጀምሮ በደብተር ነበር፤ እነሱ ይጽፋሉ፣ እሱ በአፉ ይመልሳል። የከንፈር ንባብ ሊቅ አልነበረም።

መስማት ሳይችል የተወለደ፣ ወይም በሁለት ዓመቱ በማጅራት ገትር ጆሮው የጠፋ ልጅ ሌላ ሰው ነው። ከንፈር አንብብ የሚባለው ገና የማያውቀውን ቋንቋ ነው። በአማርኛ በ፣ መ እና ፐ ከንፈር ላይ አንድ ናቸው፤ «ማር» እና «ባር»፣ «በላ» እና «መላ»፣ «ብር» እና «ምር» በመስታወት ፊት ያለ ድምፅ ብትሏቸው ራሳችሁም አትለዩአቸውም። ከ፣ ቀ እና ገ ደግሞ ከጉሮሮ በኩል ስለሚወጡ ከንፈር ላይ ምንም አይታይም፤ «ቆላ»፣ «ኮላ»፣ «ጎላ» አንድ ቅርጽ ናቸው። በዚያ ላይ አስተማሪው ወደ ሰሌዳ ዞሮ ያወራል፣ ጺሙ ከንፈሩን ይሸፍናል፣ መስኮቱ ከጀርባው ሆኖ ፊቱን ያጨልመዋል። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው የጎደለውን በግምት ይሞላል፤ ልጁ ግን በምን ይሙላው?

የልጅ አንጎል ቋንቋን እንደ ስፖንጅ የሚመጠው በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ነው። ያ ጊዜ ያለ ምንም ቋንቋ ካለፈ በኋላ የሚመጣው ትምህርት ሁሉ ይከብዳል፤ ማንበብም፣ ሒሳብም፣ ቂም ይዞ ከማኩረፍ ይልቅ ምን እንደተሰማው መናገርም። የምልክት ቋንቋ ንግግርን ያስቀራል የሚለው ፍርሃት ብዙ ቤት አለ፤ መሠረት የለውም። አንድ ሙሉ ቋንቋ ያለው ልጅ ሁለተኛውን በእሱ ላይ ይሠራል። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የሚያስተምረው ቋንቋ ነው። ሥራው ለልጁ ብቻ የሚተውም አይደለም፤ እናትም፣ አባትም፣ ወንድምና እህትም ይማሩት። ቤቱ ካልተናገረበት ልጁ ቋንቋውን በር ላይ ጥሎ ይገባል። የጆሮ ማዳመጫ ለሚጠቅመው ልጅም ይደረግለት፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የትነበርሽ ንጉሤን በተመለከተ ጽሑፉ ዓይነ ስውርነት ዕድል ሆነላቸው ይላል። ይህን ቃል ራሳቸው በአደባባይ ተናግረውታል፣ እውነት ነው፤ ጸሐፊው ያስቀሩት ግን ምክንያቱን ነው። ደቡብ ወሎ ሳይንት ውስጥ የተወለዱት የትነበርሽ በአምስት ዓመታቸው ዓይናቸውን ሲያጡ ለጋብቻ አትሆንም ስለተባሉ ከልጅነት ጋብቻ ዳኑ፤ ሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ገቡ፤ ኋላ ሕግ ተምረው በ2017 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ይህን ታሪክ የዓይነ ስውርነት ውዳሴ አድርጎ ማንበብ አይቻልም። በዚያው ዕድሜ ዓይናቸው የሚያይ የአካባቢው ሴት ልጆች ስለደረሰባቸው ነገር የቀረበ ክስ ነው።

ሻሸመኔ ላይ ያገኙት ነገር ደግሞ ስም አለው፤ ብሬል ይባላል፣ በጣት እየተዳሰሰ የሚነበብ የነጥብ ጽሕፈት ነው። ሉዊ ብሬል በ1824 ገና በ15 ዓመቱ ሻርል ባርቢዬ የሠራውን ባለ 12 ነጥብ ጽሕፈት ወደ 6 ነጥብ ያወረደው፣ 12ቱ ከአንድ ጣት ጫፍ በታች ስለማይገቡ ነው። ስሌት በሚባለው ቀዳዳ ያለው ሰሌዳና ስታይለስ በሚባለው ሹል መውጊያ የሚጽፍ ተማሪ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ነጥቦቹ ከፍ ብለው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ። ተራ የደብተር ወረቀት ይቀደዳል፣ ነጥቡም በሁለተኛው ንባብ ይተኛል፤ ወፍራም ወረቀት የግድ ነው። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ አንድ ፊደል ብዙውን ጊዜ ሁለት ቦታ ይወስዳል፤ አንድ ቀጭን የመማሪያ መጽሐፍ በርከት ያሉ ጥራዞች ይሆናል። አሁን ኮምፒውተር ያለው ተማሪ በነፃ በሚገኘው፣ ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ኤን.ቪ.ዲ.ኤ. በሚባል ፕሮግራም ማንበብ ይችላል፣ የአማርኛ ድምፅም አለው። ግን መምህሩ ጽሑፉን ፎቶ አንሥቶ ከላከ ፕሮግራሙ የሚያየው ባዶ ሥዕል ነው፤ የኮምፒውተር ፊደላት የጋራ መለያ ከሆነው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነም የሚያነበው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ነው። ዓይነ ስውሩ ተማሪ እዚህ ላይ ሲወድቅ ሰበብ አበዛ ልንለው ነው?

ወደ ሯጮቹ እንምጣ። ጽሑፉ የሪዮ 2016ን ወሬ ይደግማል፤ የፓራሊምፒክ 1,500 ሜትር ሯጮች ዓይነ ስውር ሆነው ሳሉ ከኦሊምፒኩ አሸናፊ ፈጠኑ ይላል። ቁጥሮቹ እውነት ናቸው። አልጄሪያዊው አብደላጢፍ ባካ በ3:48.29፣ የእኛው ታምሩ ደምሴ በ3:48.49 ገብተዋል፤ የኦሊምፒኩ ወርቅ የተወሰደው በ3:50.00 ነው። ነገር ግን ሩጫው የቲ13 ነበር፤ ይህ ክፍል በዓይን ጉዳት ከሚሮጡት ሁሉ የተሻለ እይታ ያላቸው የሚወዳደሩበት ነው። የኦሊምፒኩ ፍጻሜ ደግሞ ሁሉም እርስ በርስ ተጠባብቆ መጨረሻው ዙር ላይ የፈነዳበት ዘገምተኛ ሩጫ ነበር። ታምሩ ጎበዝ ሯጭ ነው፤ ይህን ለማለት ማንንም ዝቅ ማድረግ አያስፈልግም።

ጭራሽ የማያዩት የሚሮጡት በቲ11 ነው። ፓሪስ 2024 ላይ ያየሽ ጌቴ 1,500 ሜትሩን በ4:27.68 የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ስታሸንፍ ክንዱ ሲሳይ የሚባል መሪ ሯጭ አብሯት ነበር፤ እጃቸው በማይለጠጥ አጭር ማሰሪያ ተያይዟል። የቲ11 ሯጮች እኩል እንዲሆኑ ሁሉም ዓይናቸውን ይሸፍናሉ። መሪው መጎተት አይችልም፣ መግፋትም አይችልም፣ መስመሩን ከሯጯ ቀድሞ ከነካ ትሰረዛለች። እርምጃው ከእሷ ጋር መገጠም አለበት፤ መታጠፊያውን፣ የተቀናቃኞችን ቦታና የቀረውን ርቀት በአጭር ቃል ይነግራታል። ከሁሉ በላይ ከእሷ የሚፈጥን መሆን አለበት፤ አለበለዚያ መጨረሻው መቶ ሜትር ላይ እሱ ራሱ ሸክም ይሆናል። በዚያው ፓሪስ ላይ ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት በማራቶን ሦስተኛ ልትገባ ጥቂት ሜትር ሲቀራት መሪዋ በጡንቻ መሸማቀቅ ሊወድቅ ሲል ማሰሪያውን ለቅጽበት ለቃ ደገፈችው፤ ነሐሷን ተነጠቀች። ቆራጥነት ብቻ ቢበቃ ኖሮ ያ ማሰሪያ ምን ሊሠራ ነበር?

የቀረው መሣሪያ ያሰንፋል የሚለው ነው። የማይሆን መሣሪያ ሰውን እንደሚጎዳ እናውቃለን፤ ስንፍና ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በስጦታ የሚመጣው ዊልቸር ብዙ ጊዜ ሰፊ የሆስፒታል ወንበር ነው። የመቀመጫው ስፋት ከተጠቃሚው ዳሌ ጋር እኩል ወይም ጣት ያህል ብቻ የሚበልጥ መሆን አለበት። ከሰፋ ሰውየው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ በማደግ ላይ ያለ ልጅ ከሆነ አከርካሪው ይጣመማል፣ እጁም ጎማውን በምቾት አይደርስበትም። ከጉልበቱ ጀርባና ከመቀመጫው ጫፍ መካከል ሁለት ጣት ይግባ። የእግር ማሳረፊያው ከፍ ካለ ጉልበት ይነሣና ክብደቱ ሁሉ መቀመጫ አጥንት ላይ ይወርዳል፤ ያ ቁስል ማለት ነው። ዝቅ ካለ እግሩ ይንጠለጠላል፣ ሰውየውም ወደ ፊት ይንሸራተታል። ክንዱን ወደ ታች ሲዘረጋ የጣቱ ጫፍ የኋላ ጎማውን መኻል ቢነካ ልኩ ነው።

በሩ ላይ ያለው ደረጃ ደግሞ ወንበሩን ከንቱ ያደርገዋል። በ2001 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ አዝዟል፤ ብዙ ቦታ የሚታየው ግን ሕንፃው ካለቀ በኋላ በደረጃው ጎን የተለሰነ የሲሚንቶ ቁልቁለት ነው። ልኩ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፦ ለ15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 1 ሜትር ከ80፣ ለሦስት እንዲህ ያሉ ደረጃዎች 5 ሜትር ከ40 ርዝመት። ስፋቱ ከ90 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ በሩ ፊት ዊልቸሩ ቆሞ በሩን የሚከፍትበት ሜዳማ ቦታ ይኑር። ያ ሜዳ ከሌለ ሰውየው በአንድ እጁ በሩን፣ በአንድ እጁ ጎማውን ይዞ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ፍሬኑ ይይዘዋል እንዳይባል፣ የአብዛኛው ዊልቸር ፍሬን የሚሠራው ጎማውን በመጫን ነው፤ ጎማው ትንሽ ከተነፈሰ ፍሬኑ አይይዝም። ልጃችሁን ራሱ ይወጣው ከማለታችሁ በፊት ጎማውን በአውራ ጣት ጫን ብላችሁ እዩ፤ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ ከሰረጎደ ንፉት።